ስድስት ዓመት የተመላለስንበት የሜታቦሊክ ክሊኒክ፦ የወደድኩትም ቅር ያሰኘኝም

ሰሞኑን አንዲት አራስ እህት ደወለችልኝ። ስልኬን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። «ልጄ ፒ ኬ ዩ አለበት አሉኝ። እናንተ የምትሄዱበት ክሊኒክ እንዴት ነው?» አለችኝ። ፒ ኬ ዩ ማለት ሰውነት ከምግብ ፕሮቲን የሚወጣን አንድ ነገር መቀየር የማይችልበት፣ ከወላጆች የሚወረስ ሕመም ነው፤ ሜታቦሊክ ክሊኒክ የሚባለው እንዲህ ያሉትን ሕመሞች የሚያየው ነው። አንድ ሰዓት አወራን። ከዘጋሁት በኋላ ግን ያልነገርኳት ይበልጥ መሰለኝ፤ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ክሊኒኩንም የምናውቀው ከተወለደች ጀምሮ ነው። ቅር ያሰኘኝ ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም። ደግሞ ሌላ ከተማ ያላችሁ ወላጆች የራሳችሁን ክሊኒክ በዚህ እንድትመዝኑት እፈልጋለሁ። ነጥብ ስጪ ብትሉኝ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የምግብ ባለሙያዋን ለብቻዋ ብትጠይቁኝ ግን ሙሉ 5 ናት፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከስልኩ ልጀምር። ልጄ ስትወለድ ደህና ነበረች። ትጠባለች፣ ትተኛለች። በሁለተኛው ቀን ነርሷ ተረከዟን ወጋ አድርጋ ወፍራም ወረቀት ላይ ያሉትን ክቦች በደም ሞላቻቸው። እዚህ አገር ከተወለዱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሕፃናት ሁሉ የሚደረግ ነው። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። በስድስተኛው ቀን ማታ፣ እህቴ ገንፎ እያገነፋች፣ ስልክ ተደወለ። የደወለችው ሴት እየተጣደፈች በእንግሊዝኛ «የልጅሽ ምርመራ ችግር አሳይቷል፣ ነገ ጠዋት ይዘሻት ነይ፣ ኢንተርኔት ላይ ግን አትፈልጊ» አለችኝ። አስተርጓሚ ላገናኝሽ ወይ ያለኝ የለም። እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ ሥራዬም በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን በስድስተኛ ቀኗ ያለች አራስ ስለ ልጇ እንዲህ ሲነገራት የሰማችው ቃል ሁሉ ይጠፋባታል። ሌሊቱን በሙሉ ፈለግን እንጂ። የጥንት፣ ያልታከሙ ልጆችን ፎቶ አየን። አለቀስን። ለዚህ ስልክ ብቻ ግማሽ ኮከብ ቀንሻለሁ።

ጠዋት የገባንበት ክፍል ግን ሌላ ነበር። የሜታቦሊክ ሐኪሟ፣ የምግብ ባለሙያዋ፣ ስለ ዘር ውርስ የሚያማክረው ጄኔቲክ ካውንስለሩና ሶሻል ወርከሯ አንድ ላይ ጠበቁን። ከቢሮ ቢሮ መንከራተት የለም። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኛ ስባ ወረቀት ላይ ሳለችልን። የምንበላው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲሰባበር ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ፌኒልአላኒን ይባላል፤ ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ባጭሩ «ፊ» ነው የሚለው። ጤነኛ ጉበት ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ፣ ፊን ታይሮሲን ወደሚባል ሌላ ነገር የሚቀይር። የልጄ አይሠራም። ስለዚህ ፊ ደሟ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከደም ወደ አንጎል ይሄዳል፣ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። ዝም ከተባለ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያመጣል። ቶሎ ከተያዘ ግን እንደ እኩዮቿ ታድጋለች አለችን። «ዛሬ እንጀምራለን።» ያቺን ቃል አልረሳትም።

የልጄ ደም ውስጥ ያለው ፊ 22 ነበር፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር። ከ20 በላይ ክላሲክ የሚሉት ከባዱ ዓይነት ነው። መቆየት ያለባት ከ2 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነው፣ ዕድሜ ልኳን። በዚያው ቀን ሽንትና ተጨማሪ ደም ወሰዱ፤ ምክንያቱም ኢንዛይሙ ደህና ሆኖ ቢ ኤች 4 የሚባለው አጋዡ ሲጎድልም ፊ ከፍ ይላል፣ የዚያ ሕክምና ደግሞ የተለየ ነው። ይህን አጣርታችኋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ጡት አቁሚ ይሉኛል ብዬ ተጨንቄ ነበር። አላሉኝም። የእናት ጡት ፊ አለው፣ ግን ከተራው የሕፃናት ዱቄት ወተት ያነሰ ነው። ስለዚህ ፊ የሌለበትን ልዩ ፎርሙላ በልክ፣ ጡቱንም በልክ። ልጄን እያጠባሁ ነው ያሳደግኳት።

ጄኔቲክ ካውንስለሩ «ትዛመዳላችሁ?» ሲለን ባለቤቴ ቆጣ አለ። እኛ እኮ ሰባት ቤት ተቆጥሮልን ነው የተጋባነው! ሰውዬው አልተከፋም። ሰባት ቤት ምን እንደሆነ ጠየቀን፣ ነገርነው፣ ጥሩ ልማድ ነው አለ። ከዚያ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሰዎችም አንድ አንድ የተበላሸ ጂን ሊይዙ እንደሚችሉ፣ የያዘው ሰው ምንም እንደማይሰማው፣ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሕመሙን የመያዝ ከ4 አንድ ዕድል እንዳለው አስረዳን። ይህ ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነበር። አማቴ ከአዲስ አበባ «ከማን ወገን ነው የመጣው?» ሲሉ ሰንብተው ነበር። «ከሁለታችንም እኩል ነው እማዬ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አልተነሳም።

የቦርግኒ ኤግላንድንም ታሪክ የነገረኝ እሱ ነው። ኖርዌያዊት እናት ናት። የሁለት ልጆቿ አእምሮ አልዳብር አለ፣ ሽንታቸውም የተለየ ሽታ ነበረው። ሐኪም ለሐኪም ዞረች፣ ሰሚ አጣች። እ.ኤ.አ. በ1934 አስብዮርን ፎሊንግ የሚባል ሐኪም ሽንታቸውን ተቀብሎ መረመረ፤ ፌሪክ ክሎራይድ ሲጨምርበት አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ተነስቶ ነው የሕመሙን ምንነት የደረሰበት። ለእሷ ልጆች ግን አልደረሰላቸውም። ፊን የሚቀንሰው አመጋገብ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ እዚያም ሐኪሞቹን በየቀኑ እየተመላለሰች «ለልጄ አንድ ነገር አድርጉላት» ያለች እናት አለች። የጠብታ ደሙን ምርመራ ሮበርት ገትሪ አመጣ፣ እሱም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ አባት ነበር። በ1963 ማሳቹሴትስ ሕግ አደረገችው። እኔ ለምን እንደሆነ ያልጠየቅኩት ወረቀት ስንት ወላጅ የተንከራተተበት እንደሆነ ሳውቅ ነርሷን ተመልሼ ላመሰግናት ፈለግኩ።

አሁን ደግሞ ቅር ወዳሰኘኝ የሽሮ ነገር።

ልጄ ስድስት ወር ሲሞላት ምግብ የማስጀመር ቀጠሮ ነበረን። እኔ ሥራ ተመልሼ ነበር። ቀን ቀን የሚይዟት ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ ናቸው፤ ስለዚህ ለእሳቸው እንዲገባቸው አስተርጓሚ በስልክ ተመደበ። ባለቤቴ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ላይ ነበር። የያኔዋ የምግብ ባለሙያ የተከለከለውን ዝርዝር አነበበች፣ ባቄላና ምስርም አለበት። አስተርጓሚው ግን «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይስጧት» ብሎ ቋጨው። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ ሰው ናቸው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ማለት ለእሳቸው የጾም ምግብ ነው። የጾም ምግብ ደግሞ ሽሮ ነው። በቀጭኑ ሠርተው፣ እንጀራ ፈትፍተው፣ በማንኪያ ጀመሩላት። ልጄም ወደደችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሟ 11 ገባ።

እኔ ማታ ማታ ስመጣ የምትበላው ያው የተፈጨ ካሮትና ፎርሙላ ነበር፣ ቀን ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሽምብራና ባቄላ ዋናው ፕሮቲን መሆኑን አማቴ ሲሰሙ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። «ልጄን በእጄ ልገድላት ነበር» እያሉ። እሱ አልፏል፣ ደሟም በሳምንት ተኩል ወረደ። ያልለቀቀኝ ሌላ ነው። በኋላ ፋይሏን ሳነብ «ቤተሰቡ መመሪያ አልተከተለም» የሚል አገኘሁ። ደሜ ፈላ። አማቴ የተነገራቸውን ቃል በቃል ነው የተከተሉት። ጽፌ አመለከትኩ፣ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ አስተካከሉት፤ ይቅርታ ያለን ግን የለም። ሌላኛው ግማሽ ኮከብ እዚህ ላይ ነው የተቀነሰው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አሁን ያለችው የምግብ ባለሙያ መጣች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቤታችሁ ምን ይበላል?» ነበር። እንጀራ አልናት። «በሚቀጥለው ስትመጡ እንጀራውንም ዱቄቱንም ይዛችሁልኝ ኑ» አለች። እኔ ለወጉ መስሎኝ ነበር። አማቴ ግን ሦስት እንጀራ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጤፉን በማሰሮ ይዘው ሄዱ። ሴትዮዋ ሚዛን አውጥታ እንጀራውን መዘነች። ቆርሳ ቀመሰች። ለአንድ ሊጥ ስንት ዱቄት፣ ስንት እንጀራ ይወጣዋል ብላ አማቴን ጠየቀች፣ አማቴም በሲኒ መለኪያ ነገሯት፣ ሲኒውንም ገልብጣ መዘነችው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 13 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለው። የልጄ የቀን ድርሻ ያኔ 6 ግራም ነበር። አንድ የቤታችን እንጀራ ብቻውን የቀኑን አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ማንም እንጀራን በቁጥር አልነገረን።

«እንጀራ ይቅርባት» አላለችም። ይህ ነው 5 ኮከብ ያሰጣት። «እንዴት ታገኛለች?» ብላ ነው የጀመረችው። ከስታርች የተሠራ ዝቅተኛ ፕሮቲን ያለው ዱቄት አለ፣ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን የሚሸጥ። ለማያያዣ ሲሊየም ሃስክ የሚባል የዘር ልጣጭ ጨመርን፣ ኩፍ እንዲል ትንሽ የዳቦ እርሾ፣ እንዲኮመጥጥ ጥቂት ሎሚ፣ ለቀለምና ለሽታ ደግሞ 10 ግራም ጤፍ። የመጀመሪያው ምጣዱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ሁለተኛው ሲነሳ ተቀደደ። ውሃውን ቀነስን፣ ሲሊየሙን አንድ የሻይ ማንኪያ ጨመርን፣ ሊጡን ሃያ ደቂቃ አቆየነው። አምስተኛው ላይ ዓይን አወጣ። አማቴ እልል አሉ፣ እውነቴን ነው፣ ማታ በሦስት ሰዓት ኩሽና ውስጥ። የ10 ግራሟ ጤፍ ፕሮቲን 1.3 ግራም ነው፣ ሊጡ አራት ትናንሽ እንጀራ ይወጣዋል፤ ከዱቄቱና ከእርሾው ጋር ተደምሮ አንዱ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ልጄ ዛሬ እንጀራ ትበላለች። በዱባ ወጥ፣ በጥቅል ጎመንና በካሮት፣ በተመዘነ ድንች። በርበሬውንም ለምዳዋለች።

የጉርሻው ነገር ደግሞ ነበር። እኛ ቤት፣ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበር፣ ልጅ ያላጎረሰ ትልቅ ሰው የለም። ለእያንዳንዱ አጎትና አክስት «አይቻልም» ማለት አንድ ነገር ነው፣ ሰው ሲከፋው ማየት ሌላ። የምግብ ባለሙያዋ ይህን ስነግራት ጉርሻ ምን እንደሆነ አሳዪኝ አለች፤ በቀጠሮ ሰዓት ከልጄ ጋር በአሻንጉሊት ተለማመዱት። አሁን ልጄ ሰው እጁን ሲዘረጋ «ቆይ፣ የኔ እንጀራ ሌላ ነው፣ እኔ ላጉርስህ» ትላለች፣ ከራሷ ሳህን ቆርሳ። አንድ ሽማግሌ አጎታችን ባለፈው ፋሲካ በግ ቆርጠው ሊያጎርሷት ሲሉ ይህን ሰምተው አፋቸውን ከፍተው ጎንበስ አሉላት።

የደም ምርመራው ጥሩ ነው፣ ብዙ አላወራበትም። ቤታችን ጣቷን ወግተን ወረቀቱ ላይ እናንጠባጥባለን፣ ከፀሐይና ከሙቀት አርቀን ሰዓታት እናደርቀዋለን፣ በፖስታ እንልካለን። ሕፃን ሳለች በየሳምንቱ ነበር፣ አሁን በወር አንዴ። ውጤቱ በሦስት በአራት ቀን ይደርሳል፣ ከቁጥሩ ጋር ምን እንቀንስ፣ ምን እንጨምር የሚል አጭር መልእክት ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጉንፋንና ትኩሳት ሲይዛት ቁጥሩ ይወጣል፣ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ስለሚያፈርስ። መጀመሪያ ስናይ ምን አበላናት ብለን ተጨቃጨቅን። ይህን አስቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ያ ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር።

ፎርሙላውና ዱቄቱ ውድ ናቸው። ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ከፖሊሲ ፖሊሲም። ሥራ የቀየርን ጊዜ አዲሱ ኢንሹራንስ «ይሄ ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብሎ መለሰብን። ሶሻል ወርከሯ ናት ደብዳቤ አጽፋ፣ ስልክ ደዋውላ ያስፈታችው፤ እስከዚያው ክሊኒኩ ካለው ናሙና ቆርቆሮ ሰጠን። ፎርሙላችሁ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደውሉ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው አይደለም።

ስለ አዋቂዎች ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ክሊኒኩ ትልልቆችንም ያያል፣ ይህንንም ወድጄለታለሁ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ በአርባዎቹ ያለ ሰው አጫወተኝ። ልጅ ሳለ አንጎሉ አድጎ አልቋል ተብሎ ከአመጋገቡ ወጥቷል፤ ያኔ እንዲያ ነበር የሚታሰበው። ለዓመታት ጭንቅላቱ ጭጋግ የሞላው ይመስለው ነበር፣ መርሳት፣ መጨነቅ፣ ሥራ ላይ አለመርጋት። ከፊ ጋር አላገናኘውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ አመጋገቡ ዕድሜ ልክ ይሁን ካለ በኋላም ብዙዎች አልተመለሱም፤ እሱ የተመለሰው ሚስቱ ገፋፍታው ነው። አሁን ፓሊንዚክ የሚባለውን መርፌ በየቀኑ ይወጋል፣ በ2018 ለአዋቂዎች የተፈቀደውን። ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ኤፒነፍሪን መርፌ ከኪሱ አይለየውም። የሚናገረው በእርጋታ ነበር። ልጄን አይቶ «ወተቷን ትጠጣ እንጂ» አለኝ፣ ልዩ ፎርሙላዋን ማለቱ ነው።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን ካሁኑ እወቁት። ፒ ኬ ዩ ያለባት ሴት ፊዋ ከፍ ብሎ ካረገዘች፣ ፅንሱ ራሱ ፒ ኬ ዩ ባይኖርበትም ይጎዳል፤ ጭንቅላቱ ትንሽ ሊሆን፣ ልቡ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል። ከማርገዟ በፊት ቁጥሯን ማውረድ አለባት። ልጄ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግን ሐኪሟ ይህን ለእኔ ከወዲሁ ነገረችኝ፣ እኔም ቀኑ ሲደርስ እነግራታለሁ።

በኪኒን የሚድን ነው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ኩቫን የሚባል በ2007 የተፈቀደ መድኃኒት አለ፣ የቀረውን ኢንዛይም የሚያግዝ። ለአንዳንዱ ይሠራል። ልጄን ሞከርናት፣ የሷ ደም አልወረደም። ክላሲክ ዓይነት ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ተስፋ አድርጌ ስለነበር ያን ሳምንት ከብዶኝ ነበር፤ ሐኪሟ ውጤቱን በመልእክት ሳይሆን ደውላ ነገረችኝ፣ ስለዚህም አመሰግናታለሁ።

እዚያ የሚመጡት ሁሉ ፒ ኬ ዩ ያለባቸው አይደሉም። ጋላክቶሲሚያ ያለበት ሕፃን አለ፣ ከወተት ስኳር የሚወጣውን ጋላክቶስ ሰውነቱ መቀየር የማይችል፤ የእሱ እናት ጡት ጨርሶ ማቆም ግድ ነው። ሽንቱ እንደ ሜፕል ሽሮፕ የሚሸት አለ። ኤምካድ የሚባለው ያለበት ደግሞ ረሃብ ነው የሚጥለው፤ ሰውነቱ ስብ አቃጥሎ ኃይል ማግኘት ስለማይችል ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። ይህን የምጽፈው ለእኛ ሰዎች ነው፦ ልጃችሁ ኤምካድ አለበት ከተባላችሁ ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባታችሁንም አናግሩ። ክሊኒኩ ለእንደነዚህ ያሉት የድንገተኛ ደብዳቤ ይሰጣል፣ ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ የሚያሳዩት፣ ምን ዓይነት ግሉኮስ ቶሎ እንደሚሰቀልላቸው የሚናገር። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ለደወለችልኝ እህት የረሳሁት ይሄ ነው። አስተርጓሚ ከቀጠሮው በፊት አስመዝግቢ፣ በስልክ ሳይሆን በአካል የሚመጣ ጠይቂ፣ ልጁን የሚይዘው ሰው ማን ቢሆን እሱም ይምጣ። «ፕሮቲን» ሲሉ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ ሁሉ እያልሽ በየስሙ ጠይቂ። ሚዛን ግዢ፣ ግራም የሚያነብ። ለስላሳና ማስቲካ ላይ አስፓርቴም የሚል ካየሽ መልሺው፣ እሱ ውስጥ ፊ አለ፤ የልጆች ሲሮፕ መድኃኒት ላይም አንብቢ። እንጀራሽን ይዘሽ ሂጂ። ሚዛን ካላወጡልሽ አንቺው አውጪ።

የእኛ ቀጣይ ቀጠሮ ሐሙስ ነው። አማቴ ዘንድሮ ተመልሰው መጥተዋል፣ ለምግብ ባለሙያዋ ብለው አዲስ ድስት ጭኮ አዘጋጅተዋል፣ ለእሷ ብቻ፣ ለልጄ አይደለም። እኔ ደግሞ በ2025 ስለተፈቀደው አዲስ መድኃኒት፣ ሴፒያፕቴሪን ስለሚባለው፣ ኩቫን ላልሠራላት ልጅ ይሞከራል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄውን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ልጄም ከሥሩ እንጀራ ሥላበታለች።